የቲሙ ስንት ይደርሰዋል?

በዚህ ወር የሒሳብ አምዳችን ከጎንደር በስተደቡብ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ እንውረድ።

ዓሣ እያጠመዱ ይኖሩ የነበሩ አንድ አባት ወደ አኼራ ሄዱ እንበል። ወራሾቻቸው ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ብቻ ናቸው። ሲያሳድጉት ለነበረው የቲም የንብረታቸውን ሲሶ ተናዘዋል። የቀብር ወጪና የራሳቸው ዕዳ ተከፍሎ፣ ታንኳቸውና መረባቸው ተሸጦ፣ በእጅ ያለው 10 ሺህ ብር ነው። ታላቁ ልጅ ደግሞ ከአባቱ 10 ሺህ ብር ተበድሯል፤ አሁን የሚከፍለው የለውም።

ሽማግሌዎች ቢቀመጡ አንዱ «ያለውን 10 ሺህ ለሦስት ክፈሉት» ይል ይሆናል። ያን ጊዜ ባለዕዳው ዕዳው ሳይነካ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፤ የቲሙ ግን 3 ሺህ 333 ብር ብቻ ያገኛል። ሌላው «ከነዕዳው 20 ሺህ ነው፤ እርሱን ለሦስት» ይላል። ለየቲሙና ለታናሹ ብቻ ከ13 ሺህ ብር በላይ ያስፈልጋል፤ ከየት ይምጣ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በኸሊፋ መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ባግዳድ ውስጥ በጻፈው መጽሐፍ፣ የኑዛዜው ክፍል በዚሁ ዓይነት ጥያቄ፣ በ10 ዲርሃም ይጀምራል። «አልጀብራ» የሚለው ቃል የመጣው በዚያው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ካለው «አል-ጀብር» ነው። ታዲያ በትምህርት ቤት ብዙዎቻችሁን የምታስፈራው ኤክስ እዚያ የለችም። ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ»፣ ማለትም «ነገር» ይለዋል፤ ስሌቱንም ያለ ምልክት በቃላት ይጽፋል።

ለባለዕዳው ከዕዳው ላይ የሚታሰብለትን ድርሻ «ነገር» እንበለው። እንግዲህ የሚከፋፈለው ሀብት 10 ሺህ ሲደመር ነገር ነው። ሲሶው ለየቲሙ ነው፤ ቀሪው ሁለት እጅ ለሁለቱ ልጆች እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው ሲሶ ይደርሳል። የባለዕዳው ሲሶ ደግሞ ያው ነገር ነው፦

ነገር = (10 ሺህ + ነገር) ÷ 3

ሁለቱንም ወገን በ3 እናባዛ፦

3 ነገር = 10 ሺህ + ነገር

ከሁለቱም ወገን አንድ ነገር እናንሳ። አል-ኸዋሪዝሚ «ሙቃበላ» የሚለው ይህን ነው።

2 ነገር = 10 ሺህ

ነገር 5 ሺህ ሆነ። የቲሙና ታናሹ 5 ሺህ 5 ሺህ ብር በጥሬው ይወስዳሉ፤ ለታላቁ 5 ሺህ ከዕዳው ይታሰብለታል። የሚቀርበት ዕዳ ጉዳይ የፊቅህ ሊቃውንት ነው፤ እኛ የያዝነው ስሌቱን ነው።

እናንተ ደግሞ ኑዛዜው ሲሶ መሆኑ ቀርቶ ሩብ ቢሆን ብላችሁ ሞክሩት። ነገር 6 ሺህ ካልመጣላችሁ፣ ለልጆቹ የሚቀረው ከአራት ሦስት እጅ መሆኑን ዘንግታችኋል።