ማዳም ካዝና ውስጥ ላለው ፓስፖርትሽ ቁልፍ ሠሪ አትጥሪ

እህቴ፣ ዶሃ ውስጥ ለቁልፍ ሠሪ የተቆለፈ ካዝና መክፈት ያዋጣል? ከበር ቁልፍ ቅጂ የተሻለ ይከፈልበታል። በየቤቱ ያለው ትንሹ የቁጥር ካዝና ብዙ ጊዜ እምቢ የሚለው ባትሪው አልቆ ወይም ባለቤቱ ቁጥሩን ረስቶ ነው፤ ባለሙያው በመጠባበቂያ ቁልፍ ወይም በመሰርሰሪያ ይከፍተዋል። በእኔ እምነት ግን ሥራው የሚያዋጣው «ካዝናው የማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ ለሚጠይቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የከፈተ ሰው፣ ዕቃ ጠፋ ሲባል ፖሊስ ይፈልገዋል።

ይህን የማነሳው ለአንቺ ስል ነው። የብዙ እህቶች ፓስፖርት ያለው ማዳም ካዝና ውስጥ ነው። «የራሴ አይደል? ስትወጣ ባስከፍተውስ?» የምትል አትጠፋም። ፓስፖርቱ ያንቺ ነው፤ ካዝናውና ከጎኑ ያለው ወርቅ ግን የሷ ነው። በማግስቱ አንድ ቀለበት ጠፋ ቢባል፣ መብቷን የጠየቀች ሠራተኛ መሆንሽ ቀርቶ በሌብነት የተጠረጠርሽ ትሆኛለሽ። የሷም ጥፋት ይረሳል።

ጥፋቱ ደግሞ የሷ ነው። በኳታር የ2015 ሕግ ቁጥር 21 መሠረት አሠሪ የመኖሪያ ፈቃድሽን ጉዳይ እንደጨረሰ ፓስፖርትሽን መመለስ አለበት። መያዝ የሚችለው አንቺው በጽሑፍ «ያስቀምጥልኝ» ስትዪ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን በጠየቅሽ ጊዜ ይሰጥሻል። ቅጣቱ እስከ 25,000 ሪያል ይደርሳል። ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነውና፣ ይህ የ25 ወር ደመወዝ ማለት ነው።

ስለዚህ ያላነበብሽውን ወረቀት አትፈርሚ፤ «ያስቀምጥልኝ» የሚለው ሊሆን ይችላል። ፓስፖርትሽን በዋትሳፕ ጠይቂ፤ ማስረጃ ይሆንሻል። የፓስፖርትሽንና የመታወቂያሽን ፎቶ ስልክሽ ላይ ያዢ፣ ለምታምኚውም ሰው ላኪ። እምቢ ካለች ለፖሊስ አመልክቺ፤ ለኤምባሲያችንም አሳውቂ። ተናደሽ ከቤት አትጥፊ፤ «ጠፋች» ብላ ካስመዘገበችሽ ነገሩ ይከብድብሻል።

መክሰስ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ማዳም ልትቆጣ፣ «ወደ አገርሽ እልክሻለሁ» ልትልሽ ትችላለች። ቢሆንም በሕግ የጠየቀች ሴት የምትናገረው አላት፤ ካዝና ያስከፈተች ግን እውነቷን ይዛ ትከሰሳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ማዳም ራሷ ቁልፍ ሠሪ ካመጣች ከክፍሉ ውጪ። አዲሱን ቁጥር ልንገርሽ ብትልሽም «ይቅርብኝ» በያት። የማታውቂው ቁጥር አያስጠይቅሽም።