ሳቅም ትርጓሜ ያሻዋል

«ጨዋታ ለማሳቅ ነው፤ ትርጓሜ ምን ያደርግለታል?» የሚሉ አሉ። እኔ በአቃቂ የምኖር ጡረተኛ መምህር፣ ይህን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ።

ግሪካዊው አሪስቶፋኒስ «እንቁራሪቶች» የተባለውን ኮሜዲያ በአቴና ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ405 ዓመት ነው። ድርሰቱ እንቁራሪቶቹ እንዴት እንደ ጮኹ ይነግረናል እንጂ የት ቆመው እንደ ጮኹ አይነግረንም። የእስክንድርያን ሊቃውንት ፈለግ የተከተሉ ተርጓሚዎች ግን፣ እንቁራሪቶቹ ለተመልካች ሳይታዩ ከውስጥ ሆነው እንደ ዘመሩ በመጽሐፉ ኅዳግ ጻፉ። ከጨዋታው ብዙ ዘመን ርቀው ስለ ጻፉ ቃላቸው ያከራክራል፤ ክርክሩ ራሱ ግን የእነርሱ ስጦታ ነው።

እኛስ? አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚፈታ የአንድምታ ትምህርት ያለን ሕዝብ ነን፤ ይህን ጥበብ ለቴአትር መንፈጋችን ግን ያሳፍራል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሹማምንትን ጥፋት በአውሬ አምሳል የወቀሱበት «ፋቡላ» የተባለው ኮሜዲያ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት (1909–1922 ዓ.ም.) ታይቶ ታገደ። የታገደ ቃል በወረቀት ይተርፋል፤ የተዋናይ ድምፅ፣ ልብስና አረማመድ ግን ካልተጻፈ ከተመልካቹ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ በየትምህርት ቤታችሁ ጨዋታ ስታሳዩ ማን በየት እንደ ገባ፣ ምን እንደ ለበሰ፣ ሕዝቡ በየትኛው ቃል እንደ ሳቀ በኅዳጉ ጻፉ። ሹም የሚቈጣው ሕዝብ በሚስቅበት ቃል ነውና፣ ሳቁን ያልመዘገበ ትውልድ ድፍረቱንም ለልጆቹ አያወርስም።