ዝክሩ በአዳራሽ፣ ሥራው በጓዳ



በሀገራችን ዝክር ወደሚዘከርበት ቤት የገባ እንግዳ አስቀድሞ የሚያየው የተጎዘጎዘውን ቄጠማና የቀረበውን ጠበል ጠዲቅ ነው። ጌሾውን የወቀጠችው፣ እህሉን አበጥራ ያስፈጨችው፣ ሌሊቱን ከምጣድ ዳር ያነጋችው ሴት ግን ከጓዳ ስለማትወጣ ምስጋናው ዘወትር ለደጋሹ ይሆናል። ዛሬ የምናነሣው ዝክር ከእኛ ርቆ በአሜሪካ የሚደረግ ቢሆንም፣ የጓዳው ነገር ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ በየዓመቱ የጃንዋሪ ወር ሦስተኛው ሰኞ የጥቁሮች መብት ታጋይ የነበሩት የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ሆኖ ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር የጥምቀት ሰሞን መሆኑ ነው። በዚያን ሰሞን በየከተማው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ አዳራሽ የኅብረተሰቡ የሙዚቃ ዝግጅት ይደረጋል። መድረክ ላይ የሚወጡት በሙያው የታወቁ ድምፃውያን ብቻ አይደሉም። ከሥራ በኋላ ሲለማመዱ የሰነበቱ የሠፈር ሰዎችና በተርታ የቆሙ ሕፃናትም ይዘምራሉ። በብዙ ቦታ ዝግጅቱ ሊያበቃ ሲል ታዳሚው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ክንዱን በደረቱ ላይ አጣምሮ፣ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን እጅ ይዞ «እናሸንፋለን» የተባለውን መዝሙር በኅብረት ያዜማል።

እናቱ ይዛው የሄደች ሕፃን «እማዬ፣ ኪንግ ዘፋኝ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የለም፣ ዘፋኝ አልነበሩም፤ ሰባኪ ነበሩ። ታዲያ መታሰቢያቸው ለምን በዜማ ሆነ? የዚህን ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ከአዳራሹ ወጥተን ወደ ጓዳው መግባት ሊኖርብን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመዝሙሩ ምንጭ

በመጀመሪያ ያንን የመዝጊያ መዝሙር እንመልከት። ብዙ ሰው ዜማው ከኪንግ ጋር የተወለደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በ1945 ዓ.ም. መገባደጃ በደቡብ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ፣ በአንድ የትምባሆ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዛቸው እንዲሻሻል ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከአድመኞቹ የሚበዙት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። የብርዱን ወራት በፋብሪካው በር ላይ እየተሰለፉ አሳለፉት። ከእነሱ አንዷ ሉሲል ሲሞንስ የየዕለቱ ሰልፍ ሲያበቃ ጓደኞቿን የምታሰናብተው በቤተ ክርስቲያን ይዘመር የነበረ አንድ ዜማ ረጋ አድርጋ እያዜመች ነበር። በመዝሙሩ ውስጥ «እኔ» ይባል የነበረውን «እኛ» ያደረገችውም እሷ እንደሆነች ይነገርላታል።

በ1946 ዓ.ም. ከአድመኞቹ የተወሰኑት በቴነሲ ወደሚገኘውና ሃይላንደር ወደሚባለው የሠራተኞች ማሠልጠኛ ሲሄዱ ዜማውን ይዘውት ሄዱ። በዚያ የነበሩት ወይዘሮ ዚልፊያ ሆርተን ተቀብለው ለሌሎች አስተማሩት። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ዘር ለይተው አናስተናግድም በሚሉ ምግብ ቤቶች ውስጥ ገብተው በመቀመጥ ይታገሉ የነበሩት ተማሪዎች እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ በሰልፍም፣ በእስር ቤትም፣ በቀብርም ላይ ተዘመረ። እንግዲህ ዛሬ በአዳራሽ የሚዜመው መዝሙር ደመወዝ የጎደላቸውና ልጆቻቸውን በቤት ትተው ብርድ ላይ የቆሙ ሠራተኛ ሴቶች ያወረሱት ቅርስ ነው ማለት ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ትግል እንደ ድግስ ሁሉ ወጪ አለው። በዲሴምበር 1 ቀን 1955 ዓ.ም. በሞንትጎመሪ ከተማ ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ላይ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለነጭ ተሳፋሪ እንዲለቁ ቢታዘዙ እምቢ በማለታቸው ታሰሩ። በዚያው ሌሊት የኮሌጅ መምህርት የነበሩት ጆ አን ሮቢንሰን በማባዣ ማሽን ላይ ቆመው በአሥር ሺህ የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። በነጋታው ወረቀቱ በከተማው ተበተነ፤ ጥቁሩ ሕዝብም በአውቶቡስ አንሳፈርም አለ። የ26 ዓመቱ ወጣት ሰባኪ ማርቲን ሉተር ኪንግ የእንቅስቃሴው መሪ ሆነው የተመረጡት ከዚህ በኋላ ነው።

እምቢታው 381 ቀን ቆየ። በእግሩ መሄድ የማይችለውን ለማመላለስ መኪና ያስፈልጋል፤ ለመኪናው ቤንዚን ያስፈልጋል። ታዲያ ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ የምግብ ቤት ሠራተኛ የሠፈራቸውን ሴቶች አሰባስበው የዶሮ ሳንድዊችና ኬክ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ስለነበሩ ስማቸው ቢታወቅ እንጀራቸው ይዘጋል። ስለዚህ ማኅበራቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት፤ ገንዘቡ ከየት መጣ ተብለው ቢጠየቁ «ከየትም» ብለው ለመመለስ ነው። ምእመናን በሚሰበሰቡበት ምሽት፣ በመዝሙርና በጸሎት መካከል፣ ወይዘሮ ጆርጂያ ብድግ ብለው የሳምንቱን ገቢ ሲያስረክቡ አዳራሹ በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። በፍርድ ቤት ቀርበው ስለ አውቶቡሱ በደል በመመስከራቸው ከሥራ ቢባረሩም፣ በኪንግ አበረታችነት በገዛ ቤታቸው ምግብ እየሠሩ መሸጥ ቀጠሉ። ያረፉት በ1990 ዓ.ም. የሴልማው ሰልፍ 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ ለሰልፈኞቹ ምግብ ሲያዘጋጁ ነው። ያ ምግብ ለለቅሶ የመጣውን ሰው አበላ።

ኮሬታና ኮንሰርቱ

አሁን ወደ ኮንሰርቱ እንመለስ። ኪንግን በዜማ የመዘከር ልማድ ሥሩ ሲፈለግ የሚገኘው በገዛ ቤታቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮሬታ ስኮት ኪንግ በቦስተን በሚገኘው የኒው ኢንግላንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ድምፅና ቫዮሊን የተማሩ ድምፃዊት ነበሩ። ገንዘብ ስላጠራቸው ባረፉበት ቤት የጽዳት ሥራ እየሠሩ ነበር የተማሩት። በትልልቅ መድረኮች የመዝፈን ምኞት ነበራቸው። በ1953 ዓ.ም. ሲጋቡ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ የሚያዘው ቃል ከቃል ኪዳኑ እንዲወጣ ጠይቀው አስወጥተዋል። ሆኖም ባላቸውን ተከትለው ወደ ደቡብ ሲሄዱ የዘፋኝነቱ ሕይወት ወደ ጎን ቀረ።

በጃንዋሪ 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ምሽት ኪንግ በስብሰባ ላይ ሳሉ ቤታቸው ቦምብ ተጣለበት። በቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ኮሬታና ገና ሦስት ወር ያልሞላት የመጀመሪያ ልጃቸው ነበሩ። እንደ ዕድል ሆኖ አንዳቸውም አልተጎዱም። ዘመድ ከተማውን ለቀው እንዲወጡ ቢለምናቸውም እምቢ አሉ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የአውቶቡሱ እምቢታ አንደኛ ዓመት በኒው ዮርክ ሲታሰብ ታዋቂዎቹ ዱክ ኤሊንግተንና ሃሪ ቤላፎንቴ በተገኙበት መድረክ ወይዘሮ ኮሬታ ዘፈኑ፤ የሞንትጎመሪንም ታሪክ ተናገሩ። ዜማና ትረካን ማዋሐድ እንደሚቻል ያኔ ታየ።

ከዚያም በኖቬምበር 15 ቀን 1964 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታውን ሆል «የነጻነት ኮንሰርት» ያሉትን ዝግጅት ጀመሩ። ትግሉ ከሞንትጎመሪ ተነሥቶ የሄደበትን መንገድ በግጥም፣ በትረካና በመዝሙር የሚያሳይ ነበር። ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞሩ ደጋግመው አቀረቡት፤ የሚገኘውም ገንዘብ ባላቸው ለሚመሩት ድርጅት ይውል ነበር። ይህን ሲያደርጉ የአራት ልጆች እናት ነበሩ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኪንግ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ 54 ሺህ ዶላር ያህል ተሰጣቸው። ወይዘሮ ኮሬታ ከገንዘቡ ጥቂቱ ለልጆቹ ትምህርት እንዲቀመጥ ፈልገው ነበር፤ ኪንግ ግን ሁሉንም ለትግሉ ሰጡ። የኪንግ ለጋስነት ሁልጊዜ ይወሳል። የልጆቿን የነገ ትምህርት ያሰበችውን እናት ሐሳብ ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በወር ደመወዝ ቤት የምታስተዳድሩ እናቶች የዚያን ምሽት ጭንቀት ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻችሁም።

የድምፅ ነገር ከተነሣ አንድ ሌላ ቀንም እናስታውስ። በኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. በዋሽንግተን ኪንግ ስለ ሕልማቸው ሲናገሩ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ መድረክ ሜሪያን አንደርሰንና ማሄሊያ ጃክሰን ዘመሩ። ኪንግ የጻፉትን በማንበብ ላይ ሳሉ ስለ ሕልማቸው እንዲናገሩ ከኋላቸው ጮኸው ያሳሰቧቸውም ማሄሊያ ነበሩ። ከዋነኞቹ ተናጋሪዎች መካከል ግን አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ ወይዘሮ ዴዚ ቤትስ ጥቂት ዐረፍተ ነገር እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። መድረኩ ለሴቶች ዜማውን ሰጥቶ ንግግሩን ነፈጋቸው።

ከመታሰቢያ በኋላ

በኤፕሪል 4 ቀን 1968 ዓ.ም. ኪንግ በሜምፊስ ተገደሉ። ወደዚያ የሄዱት የከተማውን ቆሻሻ የሚያነሡ ሠራተኞች የመቱትን አድማ ለመደገፍ ነበር። ወይዘሮ ኮሬታ ባላቸው ሳይቀበሩ፣ በአራተኛው ቀን፣ ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው በሜምፊስ ሰልፉን በፊታውራሪነት መሩ። ኀዘኑም በዚያ አላበቃም። የኪንግ እናት ወይዘሮ አልበርታ ለረጅም ዘመን በአቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወቱ ነበር። በጁን 30 ቀን 1974 ዓ.ም. እሑድ፣ ኦርጋናቸው ፊት እንደተቀመጡ በጥይት ተመትተው ሞቱ።

የልደት ቀኑ ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ወይዘሮ ኮሬታ 15 ዓመት ደከሙ። በ1979 ዓ.ም. ጉዳዩ ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ቀርቦ በአምስት ድምፅ ጎደሎ ወደቀ። በዚህ ጊዜ ዓይነ ስውሩ ድምፃዊ ስቲቪ ወንደር ለኪንግ ልደት ዘፈን አወጣ፤ በጃንዋሪ 15 ቀን 1981 ዓ.ም. በዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍና ኮንሰርት ተደረገ። ሁለቱ በ1982 ዓ.ም. ስድስት ሚሊዮን ፊርማ ለምክር ቤቱ አስረከቡ። ሕጉ በ1983 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በዓሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ዓ.ም. ተከበረ። እኛ ጥምቀትን ባከበርን በማግሥቱ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ቀኑ ሰው ለጎረቤቱና ለአካባቢው በነጻ የሚያገለግልበት እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። ወይዘሮ ኮሬታ ያረፉት በጃንዋሪ 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ ቤታቸው ላይ ቦምብ በተጣለ ልክ በ50 ዓመቱ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ቤት ቅርብ ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ የብዙዎቻችን ወንድሞችና እህቶች ልጆች በጥር ወር በየትምህርት ቤታቸው እነዚህን መዝሙሮች ይዘምራሉ። እነዚያ ቤተሰቦች አሜሪካ ለመኖር የበቁት የመብት ትግሉ በከፈተው በር ጭምር ነው። ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰዎች ያደላ የነበረው የስደተኞች ኮታ የተሻረው ትግሉ በተፋፋመበት በ1965 ዓ.ም. ነውና። የእህታችን ልጅ መዝሙሩን ሲዘምር በሰው ድግስ ላይ የተገኘ እንግዳ አይደለም፤ የድግሱ ተካፋይ ነው።

እንግዲህ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ስለ ኪንግ በትምህርት ቤት ተምረው ወይም በቴሌቪዥን አይተው ሲመጡ የንግግሩን ታሪክ ብቻ ሰምተው እንዳይቀሩ። የፋብሪካዋን ሠራተኛ የሉሲልን፣ የወጥ ቤቷን የጆርጂያን፣ የማባዣ ማሽኑን የጆ አንን፣ የኮንሰርቱን የኮሬታን ነገር ንገሯቸው። ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችሁም በስልክ ስትገናኙ «ልጅሽ የዘመረው መዝሙር ከየት እንደመጣ ነግረሽዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በዕድራችሁ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የምስጋና ዝግጅት ሲሰናዳም የስም ዝርዝሩን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ወንበር የደረደረችው፣ ሻይ ያፈላችው፣ መዋጮውን በየቤቱ እየዞረች የሰበሰበችው ሴት ስሟ ካልተጻፈ ከመጀመሩ በፊት አስጽፉ። ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ማስታወሱ ለእሷ አይደርስም።