የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍሎችና የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ

በአገሪቱ በጤና ተቋማት የሚወልዱ እናቶች ቁጥር ባለፉት ዓመታት ከፍተኛ ዕድገት አሳይቷል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ በጤና ተቋም የተከናወነ ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2005 5 በመቶ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይሁንና የጨቅላ ሕፃናት ሞት በዚሁ ፍጥነት አልቀነሰም። በ2005 በሕይወት ከተወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 39ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 አኃዙ 29 ነበር። በዘላቂ የልማት ግቦች መሠረት እስከ 2030 ሊደረስበት የታሰበው ግን ቢበዛ 12 ነው። ለሞቱ ዋነኛ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ወቅት መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው።

ወሊድ ወደ ጤና ተቋም በመጣ ቁጥር ሆስፒታሉ ራሱ የኢንፌክሽን ምንጭ እንዳይሆን የመጠበቁ ኃላፊነት ይጨምራል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቆዳቸው ስስ፣ በሽታን የመከላከል አቅማቸውም ያልዳበረ ነው። ሕይወታቸውን ለማትረፍ የሚገባላቸው የደም ሥር መርፌና የመተንፈሻ ቱቦ ለባክቴሪያ መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። ክሌብሲዬላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በእጅ መታጠቢያ ገንዳ፣ በእርጥብ ዕቃና በሠራተኛ እጅ አማካይነት ከአንዱ ሕፃን ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ብዙዎቹም በቅድሚያ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንንና ጄንታማይሲንን የተላመዱ በመሆናቸው፣ ኢንፌክሽኑ ከተከሰተ በኋላ ማዳን አስቸጋሪና ውድ ነው።

በመሆኑም መከላከል ከሁሉም ይቀድማል። እጅን በአልኮል ለማጽዳት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ለመታጠብ ደግሞ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል። ሆኖም የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥበት፣ አንዲት ነርስ በርካታ ሕፃናትን በምትከታተልበትና ሁለት ሕፃናት አንድ አልጋ በሚጋሩበት ክፍል ይህ ቀላል ሥራ ከባድ ይሆናል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ ውኃ አያመጣም፤ የሰው ኃይል እጥረትንም አይተካም።

ሌላው አማራጭ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አገናኝቶ መያዝ፣ ማለትም በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ይህ እንክብካቤ ዝቅተኛ ክብደት ላላቸው ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት አንሥቶ ሲሰጥ፣ የሕፃናቱ ሁኔታ እስኪረጋጋ ከመጠበቅ ይልቅ ሞትን በ25 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በኢንፌክሽን የመያዝ አደጋም ቀንሷል። ለዚህ ግን እናቶች በጽኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አልጋ ሊኖራቸው ይገባል፤ ይህም ገና ከሕንፃው ንድፍ ይጀምራል።

አገሪቱ ከ1993 የጤና ፖሊሲ ጀምሮ በሽታን አስቀድሞ የመከላከል መርህን ስትከተል ቆይታለች። ይኸው መርህ በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥም ሊሠራ ይገባል። የውኃ መስመር የሚዘረጋው መሥሪያ ቤት፣ የአልኮልና የጓንት ግዥ የሚያጸድቀው ኃላፊ፣ የነርሶችን መደብ የሚወስነው አካል ሁሉም የሕፃናቱ ጠባቂዎች ናቸው። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ የሚዘገይ አንድ የግዥ ጥያቄ በክፍሉ ውስጥ የአንድ ሕፃን ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ሊዘነጋ አይገባም።