እንቅልፍን በነጠቁት ላይ

ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ በተዘረጋው መንገድ ላይ፣ ሰውን የሚያህል ክቡር ፍጡር እንቅልፍ ነሥቶ፣ አራት መቶ ኩንታል የጫነ ተሳቢ አስጨብጦ፣ በሌሊት ሰው ወደሚኖርበትና ሰው ወደሚያልፍበት የሚሰድደውን ሥራ፣ ሥራውን የሚያዝዙትን፣ ከሥራውም የሚያተርፉትን፣ አይተውም እንዳላዩ የሚያልፉትን እናወግዛለን። ድርጊቱ በሕግ ፊት ስም ይኑረውም አይኑረውም፣ በሕሊና ፊት ስሙ የታወቀ ነው፤ ነፍስ ማጥፋት ነው።

መንገዱን የማያውቅ የለም። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ወደቡ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያን አልፎ ገላፊ ይደርሳል። የገበሬው ማዳበሪያ፣ የከተሜው ነዳጅ፣ ስንዴውና ዘይቱ፣ የታማሚው መድኃኒት ሳይቀር በዚያ ይመጣል። ከዚህ መንገድ በረከት ያልቀመሰ ቤት የለምና፣ ከዚህ መንገድ ነውር ንጹሕ ነኝ የሚል ቤትም ሊኖር አይችልም።

ሾፌሩ ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ ቀን ያልፋል፤ ኬላ ላይ ሲቆም ሰዓት ያልፋል። ብዙ ጊዜ አበሉ የሚታሰበው በምልልስ ስለሆነ፣ የቆመበት ቀን ሁሉ ከልጆቹ ጉሮሮ የተነጠቀ ቀን ነው። ጭነቱ ተሞልቶ ሸራው እንደታሰረ ደግሞ ስልኩ ይጮኻል፤ «የት ደረስክ?» ይላል ባለንብረቱ። ሎግያ ሲደርስ ይኸው ጥያቄ፣ ገዋኔ ሲደርስ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ወደብ ላይ የባከነው ቀን ካባከነው ሰው አይጠየቅም፤ ከሾፌሩ ሌሊት ላይ ይቆረጣል። በአፋር ሐሩር ጋቢና ውስጥ ቀን መተኛት አይቻል፤ ከተሳቢው ሥር ሰሌን ዘርግቶ ጋደም ያለ እንደሆነ ሐሳቡ ከዕቃው ጋር ነው፤ ዕቃው ቢጎድል ዕዳው የእሱ ነውና። መብራትና ጥበቃ ያለው፣ ሰው እንደ ሰው የሚያርፍበት ቦታ በዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ስንት እንደሆነ የሚያውቀው የሚያልፍበት ሾፌር ነው።

ስለዚህ ጫት ይቅማል። ይህንን ባለንብረቱ ያውቃል፣ የስምሪት ሠራተኛው ያውቃል፣ በየኬላው መንጃ ፈቃዱን የሚያገላብጠውም ያውቃል። ሾፌሩን ስለ ጫቱ ለመገሠጽ የሚጣደፈው ብዙ ነው፤ ማን እንዳስቃመው የሚጠይቅ ግን አልሰማንም። ምርቃናው ድካሙን ይሸፍንለታል እንጂ አያወርድለትም፤ ሲለቅቀው የተጠራቀመው እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል፤ የሚወድቅበትም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት ባለው፣ የሰው ሥጋ ሁሉ ተኛ ተኛ በሚልበት ሰዓት ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሳይተኛ የዋለና ያደረ ሰው፣ በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደሚደነዝዝ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል፤ ይህም ብዙ አገሮች መሪ እንዳይጨብጥ ከሚከለክሉት መጠን በላይ ነው። ሰክሮ የሚነዳን ሰው ሁላችንም እንጸየፋለን። በሌላ ሰው ትእዛዝ ሳይተኛ የሚነዳውን ግን ጎበዝ እንለዋለን።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚገሰግስ መኪና፣ የሾፌሩ ዓይን ለአራት ሰከንድ ቢከደን፣ 90 ሜትር ያህል ማንም ሳይነዳው ይሄዳል። በዚያች 90 ሜትር ውስጥ ለገበያ ማልዳ የወጣች እናት አለች፤ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ተማሪ አለ፤ ፍየሎቹን የሚያሻግር ልጅ አለ፤ ለኀዘን ወይም ለሠርግ ቤተሰቡን ጭኖ የሚሄድ ሚኒባስ አለ። በጋቢናው ውስጥም ረዳቱ አለ፤ ነገ ሾፌር እሆናለሁ ብሎ ጎማ ሲፈታና ሸራ ሲያስር የከረመ ልጅ፣ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ እንዳንቀላፋ ይቀራል። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ ሜትሩን ሲዘረጋ ፍሬን የተያዘበት ምልክት አስፋልቱ ላይ አያገኝም፤ የተኛ ሰው ፍሬን አይዝምና። በማግስቱ ዜናው የሟቾችን ቁጥር ይነግረንና መንስኤው በመጣራት ላይ መሆኑን አክሎ ያልፋል። ተጣርቶ ምን እንደተገኘ የሚነግረን ዜና ግን አይከተልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል። ቃሉ መልካም ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ይህ አዋጅ ግን ሾፌሩን ከአንዲት ሌሊት እንኳ አላስጣለውም። የወንጀል ሕጉ በአንጻሩ ያለበት ቦታ ድረስ ይመጣለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ሾፌሩ ከሞት ከተረፈ በዚህ ይጠየቃል፤ ይጠየቅ ዘንድም ግድ ነው፣ የሞቱት ሰዎች ናቸውና። ሌሊቱን የቆረጠበት፣ «ነገ ጠዋት ካልገባህ ቁልፉን አስረክብ» ያለው ሰው ግን በክሱ ላይ ስሙ ሲጻፍ አላየንም፤ ምስክር ሆኖ እንኳ ሲጠራ አላየንም። እሱ ሌላ ሾፌር ይቀጥራል።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ሲታወጅ፣ ለሞተ ሰው የቆረጠው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለተበላሸ ንብረት የቆረጠው እስከ 100,000 ብር ነበር። ከዚህ በላይ የምንጨምርበት ቃል የለንም።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ፣ አራት ሰዓት ተኩል የነዳ ሾፌር 45 ደቂቃ ሳያርፍ አይቀጥልም፤ የመንገድን ደኅንነት የሚጎዳ ከሆነ በርቀት ወይም በጭነት ልክ ክፍያና ጉርሻ መስጠት የተከለከለ ነው፤ ሾፌሩ ይህንን ቢጥስ ድርጅቱም ይጠየቃል። እንግዲህ የታዘዘውን ብቻ ሳይሆን ያዘዘውንም መጠየቅ የሰው ልጅ ያልደረሰበት ጥበብ አይደለም። እኛ ዘንድ የጎደለው ፈቃዱ ነው፤ ፈቃዱ የጎደለውም በስንፍና ብቻ አይመስለንም፤ ከሌሊቱ ትርፍ የሚቋደሰው ብዙ ስለሆነ ነው።

በየልቅሶው «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። ለሐዘንተኛ ማጽናኛ ከሆነ ይሁን፤ እናት የምትደገፍበት ቃል ያስፈልጋታል። ለባለንብረትና ለባለሥልጣን ግን መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። እግዚአብሔር ያልቆረጠውን ቀን በስልክ የቆረጡ ሰዎች አሉና፣ የእነርሱን ሥራ በፈጣሪ ላይ መለጠፍ በግፉ ላይ ድፍረት መጨመር ነው። በሰው እንቅልፍ የሚገዛውን ትርፍ እናወግዛለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን የማያስፈጽመውን መሥሪያ ቤት እናወግዛለን። ዕቃው በጊዜው መድረሱን እንጂ ያደረሰው ሰው መተኛቱን ጠይቀን የማናውቀውን እኛንም፣ ከውግዘቱ ውጭ አናደርግም።

የሚቀጥለው መዝገብ ሲከፈት መርማሪው ከፍጥነቱና ከፍሬኑ አስቀድሞ፣ ሾፌሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተኛው መቼና የት እንደነበር ይጠይቅ፤ የስምሪት ወረቀቱን ያስመጣ፤ በዚያ ሌሊት ወደ ሾፌሩ ስልክ የተደወለውን ቁጥር ያውጣ፤ የደዋዩንም ሙሉ ስም ከነአድራሻው በዚያው የክስ ወረቀት ላይ፣ ከሾፌሩ ስም ቀጥሎ ያስፍር።