ለጠቅላላ ዕውቀት ማን ይክፈል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ ከማይጠፉት መካከል «ጠቅላላ ዕውቀት» የሚሉ ቀጫጭን መጽሐፎች አሉ። የዓለም ረጅሙ ወንዝ ማን ይባላል? የሞንጎሊያ ዋና ከተማስ? ጥያቄው ከላይ፣ መልሱ ከታች። ለበዓል ቀን የቴሌቪዥን ውድድር ይበቃሉ፤ ነውር የለባቸውም። ችግሩ የሚመጣው የዲፕሎማት መግቢያ ፈተናም የእነዚሁ መጽሐፎች ወፍራም ቅጂ ነው ብለን ስንነሳ ነው። በዚህ ግምት የሚያጠናው ወጣት ዓመቱን በሽምደዳ ያቃጥላል። በዚሁ ግምት ፈተናውን የሚነቅፈው ደግሞ «ሁሉም ነገር ስልካችን ውስጥ እያለ ይህ ምን ይሠራል?» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ጠቅላላ ዕውቀት የዲፕሎማት የሥራ መሣሪያ ስለሆነ ሊፈተንበት ይገባል። ፍትሕ የሚጓደለው ፈተናውን ለማጥናት በሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ነው፤ ያንን ጊዜ ገዝቶ መቀመጥ የሚችለው ጥቂቱ ነውና።

ይህንን እንደ ብራዚል አጉልቶ የሚያሳይ አገር አላውቅም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ አገር ዲፕሎማት ለመሆን ማናቸውም የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይበቃል፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ሙያውን በትውልድ ብራዚላዊ ለሆነ ሰው ብቻ ለይቶ አስቀምጦታል። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው በ1945 የተመሠረተው የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ፣ የሪዮ ብራንኮ ኢንስቲትዩት፣ ፈተና ነው። የፖርቱጋል ቋንቋ፣ የብራዚልና የዓለም ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ዓለም አቀፍ ፖለቲካ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ሌሎች ቋንቋዎች። የመጀመሪያው ዙር «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚባልባቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለሚያስቀንስ በግምት መሄድ አያዋጣም። ቀጥሎ ያለው ዙር በጽሑፍ ነው። ተፈታኙ በሺዎች ይቆጠራል። የሚወሰደው ሰው ከ2006 እስከ 2010 በዓመት መቶ ገደማ ነበር፤ በሌላው ጊዜ በአብዛኛው በጥቂት አሥሮች ነው።

በጽሑፉ ዙር ሽምደዳ የት ላይ እንደሚሰበር በአንድ ምሳሌ ላፍታታው። ሽምዳጁ «የመንግሥታት ማኅበር በ1920 ተመሠረተ» ብሎ ይይዛል፣ ገጹን ይገለብጣል። ነገሩን አጥብቆ የሚይዘው ተማሪ ግን እዚያው ይቆማል። ብራዚል ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበረች፤ በምክር ቤቱም ቋሚ መቀመጫ ትፈልግ ነበር። በ1925 የሎካርኖ ስምምነት ሲደረስ ግን ቋሚው መቀመጫ ለጀርመን ታጨ። ብራዚል በማርች 1926 የጀርመንን መግባት በድምፅዋ አገደች። አልተሳካላትም፤ በጁን ማኅበሩን ጥላ መውጣቷን አስታወቀች፣ በሴፕቴምበር ጀርመን ገባች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1923 በዚያው በር የገባች አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያ። እኛ ከወራሪ ይጠብቀናል ብለን ገባን፤ ብራዚል ክብሬን አልጠበቀልኝም ብላ ወጣች። በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወርና ማኅበሩ ማዕቀብ ሲጥል፣ አባል ያልሆነችው ብራዚል ማዕቀቡን የማክበር ግዴታ አልነበረባትም። የደቡብ አሜሪካ አገር ኩርፊያ ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ክሩ ይቀጥላል። ዛሬ ብራዚል በጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ መቀመጫ የምትጠይቀው ከህንድ፣ ከጃፓንና ያኔ ካገደቻት ከጀርመን ጋር ተባብራ ነው። አፍሪካ ደግሞ በ2005ቱ የኤዙልዊኒ ስምምነት ሁለት ቋሚ መቀመጫ ከነድምፅ መሻሪያ መብቱ ትጠይቃለች። ሁለቱ ጥያቄዎች በዚያው ዓመት ወደ አንድ ሰነድ ሊመጡ ተሞክሮ አልተስማሙም። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የብሪክስ አባል ስለሆነች፣ ከብራዚል ዲፕሎማት ጎን የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ ይህንን ማወቁ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም፤ ባልደረባው የመቀመጫ ጉዳይ ሲነሳ ለምን ፊቱ እንደሚለዋወጥ የሚያውቀው በዚህ ነው። ስልክም የተጠየቀውን ይመልሳል እንጂ ይህ ጉዳይ ከ1926 ጋር ይያያዝ ይሆን ብሎ የሚጠረጥረው ሰውየው ነው።

ዕውቀት በዲፕሎማሲ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት ኢንስቲትዩቱ የተሰየመበትን ሰው ማየት ይበቃል። ባሮን ዶ ሪዮ ብራንኮ፣ ማለትም ዦዜ ማሪያ ዳ ሲልቫ ፓራንዮስ፣ የድሮ ካርታና ውል ሲያገላብጥ የኖረ የታሪክና የጂኦግራፊ ሰው ነበር። ከአርጀንቲና ጋር የነበረውን የፓልማስ ክርክር በ1895 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በክሊቭላንድ ዳኝነት ረታ፤ ከፈረንሳይ ጋር የነበረውን የአማፓ ክርክር በ1900 በስዊዘርላንድ ዳኝነት ረታ። ከ1902 ጀምሮ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖም በ1903 የአክሬን ጉዳይ ከቦሊቪያ ጋር በውል ዘጋ። በሁለቱ ዳኝነቶች ጥይት ያልገዛውን ሰፊ መሬት ያስገኘው ማኅደር ማንበብ ነው። በ1900፣ በ1902 እና በ1908 የተፈረሙት ውሎች በ2002 የኢትዮጵያና የኤርትራን ድንበር ብይን እንደወሰኑት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ግን ይኸው ሰው ዕጩ ዲፕሎማቶችን የሚመርጠው ራሱ አነጋግሮ ነበር፤ አለባበሳቸውን፣ አነጋገራቸውን፣ መልካቸውን አይቶ። ወረቀት ላይ የሚፈተነው ዕውቀት ከዚህ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ፈተና ቢያንስ ፊት አያይም። በ1918 ማሪያ ዦዜ ዴ ካስትሮ ሬቤሎ ሜንዴስ የምትባል የባሂያ ወጣት ልትፈተን ስትመጣ ሴት ይፈቀድላታል ወይ የሚል ክርክር ተነሳ። ታላቁ የሕግ ሰው ሩይ ባርቦዛ ይፈቀድላታል የሚል አስተያየት ጻፈላት፤ ተፈተነች፣ አንደኛ ወጣች። ባለሥልጣናቱ የደነገጡ ይመስላል፤ በ1938 ሴቶች እንዳይገቡ በሕግ ተከለከለ፣ በሩ እንደገና የተከፈተው በ1954 ነው። ፈተናው ሴትን ሲያስገባ የከለከላት ሕጉ ነበር።

የቆዳ ቀለም ጉዳይ ግን ለፈተናውም ለሕጉም እንደዚህ አይመችም። ጥቁር አይግባ የሚል ሕግ አልነበረም። ሆኖም የመጀመሪያው ጥቁር የብራዚል አምባሳደር፣ በ1961 ወደ ጋና የተላከው ራይሙንዶ ሶዛ ዳንታስ፣ ጋዜጠኛና ደራሲ ነበር፤ በፈተና የገባ ሳይሆን ፕሬዚዳንት ዣኒዮ ኳድሮስ የሾመው። አብዛኛው ሕዝቧ የአፍሪካ ደም ባለበት አገር ይህን ያህል ዓመት የፈጀው ፈተናው ስለከበደ ብቻ አይመስለኝም። ለዚህ ፈተና አንድ ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቀመጥ፣ የቋንቋ መምህር መቅጠር፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት መክፈል ያስፈልጋል። የልጁን ጊዜ የሚገዛለት አባት ያለው ይገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሯል፤ አንዱን እደግፋለሁ፣ ሌላውን እጠራጠራለሁ። በ2005 እንግሊዝኛ ብቻውን ከውድድር የማያስወጣ እንዲሆን ሲደረግ ትልቅ ጫጫታ ተነሳ። ዓላማው የቋንቋ ትምህርት መክፈል ያልቻለው እንዳይወድቅ ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ዲፕሎማቱ ነገ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ እንግሊዝኛውን አይቀንስለትም። ከዚያ በፊት በ2002 የተጀመረው ሌላው መንገድ የተሻለ ነው። ለጥቁር ዕጩዎች የሚሰጥ የጥናት ገንዘብ ሲሆን መጽሐፍ ይገዙበታል፣ መምህር ይቀጥሩበታል፣ ሲያጠኑ ይኖሩበታል። ፈተናው እንዳለ ሆኖ የተገዛው ጊዜ ነው። በ2014 ደግሞ በፈተና ከሚሞሉ የፌዴራል መንግሥት ክፍት የሥራ ቦታዎች 20 በመቶው ለጥቁሮች እንዲያዝ ሕግ ወጣ፤ ገንዘቡ ባይቀድመው ኖሮ ይህ ሕግ ያልተዘጋጀ ሰው ወደ ፈተና መጥራት ይሆን ነበር።

ከብራዚል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጋር የተያያዘው የአሌሻንድሬ ዴ ጉስማው ፋውንዴሽን ለዕጩዎች የሚያዘጋጃቸውን መጻሕፍት በነፃ ያሰራጫል፤ ኢንስቲትዩቱም ጥሩ መልስ የጻፉ ተፈታኞችን ጽሑፍ በጥናት መመሪያ አሳትሟል። የኋለኛውን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። ሀብታም ቤት ያደገ ልጅ ከእራት ጠረጴዛ የሚሰማውን፣ ማለትም ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል፣ ለማንም ያሳያል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሾልከው የፈተናው ጥያቄ ነው። የጥሩ መልስ ናሙና በይፋ ቢወጣ ግን የአዟሪው ቀጭን መጽሐፍ ለምን እንደማይበቃ ተፈታኙ ራሱ በአንድ ምሽት ይረዳው ነበር፤ ለሚቀጥሉት ወራት የቤት ኪራዩን የሚከፍልለት እስከተገኘ ድረስ።