ኮዱ ከጥቁር ሰሌዳ ይውረድ

ድረ ገጽን ከተጠቃሚው ጋር የሚያነጋግረውን ጃቫስክሪፕት መማር ከጀመርን ወዲህ በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ገሚሱ፣ «ኔትወርክ በማይገኝበት ስለ ድረ ገጽ መማር ምን ይሠራል?» ይላል። እኛ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባዮች ነን።

ጃቫስክሪፕት ብሬንዳን አይክ የተባለ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያ ቅጂውን በ10 ቀን ያህል የሠራው ቋንቋ ነው። (ከጃቫ ጋር በስም እንጂ በሥጋ አይዛመድም፤ በፈተና የሚያምታታው አይጠፋምና እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።) ቁም ነገሩ፣ በገጹ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ የሚፈጽመው ሩቅ ያለ ሰርቨር ሳይሆን በተጠቃሚው እጅ ያለው ብራውዘር መሆኑ ነው። ስለዚህ ፋይሉ አንድ ጊዜ በፍላሽ ከደረሰ፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ገጹ ይሠራል። ለመጻፍም ኖትፓድና ብራውዘር ይበቃሉ፤ እነሱ ደግሞ በአሮጌ ማሽንም አይጠፉም።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? ልምምድ ነው። ኮዱ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ እኛ ደብተር ላይ እንገለብጣለን፣ ለፈተና እንሸመድዳለን፣ አለቀ። አንዲት ቅንፍ ሳትዘጋ ቀርታ ገጹ ጭጭ ሲል ያላየ ሠልጣኝ ትርጉሙን በቃሉ ቢወጣ ምን ይረባዋል? ይህን ስንል መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ጊዜውም ማሽኑም እንደሚያንሳቸው እናያለን።

ነገ በዲምቱ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ስንመደብ፣ የ60 ልጆች ደብተር ማታ ማታ ማረም ይጠብቀን ይሆናል። ልጁ የማባዛት መልሱን ጽፎ ቁልፉን ሲጫን ወዲያው «ልክ ነው» ወይም «እንደገና ሞክር» የሚል፣ ቁጥሮቹንም በየጊዜው የሚለዋውጥ ገጽ ለመሥራት ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። መመሪያውን በወላይትኛ ልንጽፈው እንችላለን፤ ከውጭ የሚመጣ መተግበሪያ ይህን አስቦልን አይሠራም። በአማርኛ ማሰብ ለሚቀለውም ቋንቋው የተለዋዋጭ ስም በግእዝ ፊደል ይቀበላል፤ «ነጥብ» ብሎ ቢሰይመው ያስኬድለታል።

እርግጥ ገደብ አለው። መልሱ በገጹ ውስጥ ከተጻፈ፣ ነቃ ያለ ልጅ የገጹን ኮድ ከፍቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ለመልመጃ እንጂ ውጤት ለሚያዝበት ፈተና አይሆንም፤ ለዚያ ሰርቨር የግድ ነው።

በመሆኑም ለትምህርት ክፍሉ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ከትርጉም ጥያቄዎቹ ግማሹ ይቀነስና እያንዳንዱ ቡድን አንድ የመልመጃ ገጽ ሠርቶ ያቅርብ፣ በእሱም ይታረም። የኮምፒዩተር ክፍሉም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን። ንብረቱ ያሳስባል ከተባለ፣ ቁልፉን ፈርመው የሚረከቡ 2 ተጠሪዎች ከመካከላችን እንመርጣለን።